ፍራፍሬ በፍም፦ ከጣና ዳር እስከ ጮቄ የሚነገሩ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ድንች ረመጥ ውስጥ ቀብሮ፣ እሸት በቆሎ ፍም ላይ ጠብሶ ያላደገ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሙዝ ወይም አናናስ እሳት ላይ ሲያይ ግን ያው ሰው «ኧረ ይሄማ የፈረንጅ ነገር ነው» ይላል። እሳቱ ያው እሳት ነው። ጣና ዳር ወይም ጮቄ ተራራ ላይ ድንኳን ተክላችሁ ለማደር ካሰባችሁ፣ ፍም ላይ ስለሚጠበስ የፍራፍሬ ማጣጣሚያ የሚባለውን ሁሉ አትመኑ።

«እሳቱ በደንብ መንደድ አለበት»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ብዙ ሰው እሳት አንድድ ሲባል ደመራ ያስመስለዋል። ነበልባል ፍሬውን ከውጭ ያሳርረዋል፣ ጥላሸት ይቀባዋል፣ ውስጡን ግን ጥሬ ይተወዋል። የሚፈለገው ፍም ነው። ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ስስ ነጭ አመድ ሲለብስ ጀምሩ። የወደቀ ደረቅ ግራር ካገኛችሁ ፍሙ ይቆያል። ባህር ዛፍም ይሆናል፤ ቅጠሉን ብቻ አትጨምሩ፣ ሽታው ፍሬው ላይ ይቀራል። ቅንጭብና ቁልቋል ግን ጨርሶ አይነኩም። ወተት መሳይ ፈሳሻቸው ዓይንና ቆዳ ይጎዳል።

ለጀማሪ ሙዝ ይቀላል። ሳትልጡት ልጣጩን ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቢላ ሰንጥቁ። ስንጥቁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ፍሙ ላይ አጋድሙት። ልጣጩ ቶሎ ይጠቁራል። ብዙዎች «አረረ!» ብለው የሚያነሱት እዚህ ጋ ነው። ተዉት፣ ያረረው ልጣጩ ነው። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በስንጥቁ በኩል ፈሳሹ አረፋ እያወጣ መንተክተክ ይጀምራል። ያኔ ማንኪያ ይዞ መቅረብ ነው።

«በጣም የበሰለ ፍሬ ይሻላል»

ለጭማቂ አዎ። ፍም ላይ ግን ይፈርጣል። ማንጎም ሆነ ኮክ ሲጫኑት ጠንከር ያለውን ምረጡ።

«ስኳሩ ከመጀመሪያው ይነስነስ»

ስኳር ወደ 160 ዲግሪ ሲጠጋ መቅለጥና መቅላት ይጀምራል፤ ሲያልፍ ይመራል። የፍም ሙቀት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ማር ደግሞ ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ስለሚበዛበት ከስኳርም ቀድሞ ያራል። የጎጃምን ማር እሳት ላይ ማሳረር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግፍ ነው። ፍሬው ከወረደ በኋላ ጠብ አድርጉበት። ከዚያ በፊት ግን ቅመሱት። ውሃው ስለሚተን ጣፋጭነቱ ይጎላል፤ ማሩም ላያስፈልግ ይችላል። እኔ አናናስ ላይ ከማር ይልቅ የተፈጨ ኮረሪማ እመርጣለሁ።

«ጮቄ ላይ ፍሬ ሲቀቀል የሚዘገየው በብርዱ ነው»

ብርዱም ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን የአየር ግፊት ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ባሕር ዳር ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው የጮቄ ጫፍ ግን 87 አካባቢ ነው። ስለዚህ ኮክ በውሃ የምትቀቅሉ ከሆነ መፍላቱን አይታችሁ በስሏል አትበሉ። እንጨት መጨመርም ውሃውን ቶሎ ይጨርሰዋል እንጂ ሙቀቱን አያሳድገውም። አነስ አነስ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ክዳን ግጠሙ፣ ጊዜ ስጡት።

«ያለ ዘመናዊ ዕቃ አይሆንም»

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ፎይል ከሌለ ዳቦ የሚጋገርበት የኮባ ቅጠል አለ። ፎይል ካለም የሚያብረቀርቀው ወገን ውስጥ ይሁን ውጭ በሚል አትጨቃጨቁ፤ ለውጥ የለውም። አናናስና ሎሚ ግን ኮምጣጣ ስለሆኑ ፎይል ውስጥ አታሳድሯቸው፤ አሲዳቸው አልሙኒየሙን ይበላዋል።

«ቫይታሚኑ ሁሉ ይጠፋል»

ቫይታሚን ሲ ይቀንሳል። ፋይበሩና አብዛኛው ማዕድን ግን የትም አይሄድም።

«እሳቱ አፈር ከለበሰ ጠፍቷል»

አልጠፋም። አፈር ስር የተዳፈነ ፍም ለሰዓታት ሳይጠፋ ይቆያል፤ ነፋስ ሲገልጠው ደግሞ ይነሳል። ጮቄ ላይ ደግሞ በበጋ የደረቀ አስታ የሚባል ቁጥቋጦና ጓሳ ሣር አጠገቡ አለ። ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ። የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ምንም ሙቀት ካልተሰማችሁ ድንኳኑን ንቀሉ።