ሳይቶካይን ምንድን ነው? ከአንጎል ዕጢስ ምን አገናኘው?

ባሕር ዳር ወይም ፎገራ ላደገ ሰው የወባን ትኩሳት ማስረዳት አያስፈልግም። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይላል፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ቢደርቡም አይለቅም። ቀጥሎ ትኩሳት፣ ከዚያ ላብ። የወባው ተውሳክ ቀይ የደም ሴሎችን አፈንድቶ ሲወጣ፣ የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ትንንሽ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። አንጎልን «ሙቀት ጨምር» የሚሉት እነዚህ ናቸው። ሳይቶካይን ይባላሉ።

በአጭሩ፣ ሳይቶካይን ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፕሮቲን ነው። አንዱ ዓይነት እርዳታ ይጠራል፣ ሌላው ብግነት ያስነሳል፣ ሌላው ያበርዳል። ቁስል ዙሪያው የሚቀላውና የሚያብጠው በእነሱ ሥራ ነው። ቶሎ መጥቶ ቶሎ ከሄደ ደግ ነው፤ ያድነናል።

የአንጎል ዕጢ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግሊዮብላስቶማ የተባለውን ክፉ ዕጢ እንውሰድ። ዕጢው የካንሰር ሴል ብቻ አይደለም። ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ጠባቂ ሴሎችና ከደም የገቡ ማክሮፋጅ የሚባሉ ተከላካይ ሴሎችም አሉበት፤ የዕጢውን ሲሶ የሚይዙበት ጊዜ አለ። የመጡት ሊከላከሉ ነበር። ዕጢው ግን በራሱ ሳይቶካይኖች ያባብላቸዋል፤ እሳት ሊያጠፋ የመጣ ጎረቤት ማገዶ ሲያቀብል እንደማለት ነው። ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው ሳይቶካይን የካንሰር ሴሉ እንዲያድግና እንዳይሞት ያግዘዋል። ኢንተርሉኪን 8 አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉለት ያደርጋል። ቲጂኤፍ ቤታ ደግሞ ካንሰርን መግደል የነበረባቸውን ቲ ሴሎች ያደክማል።

ለዚህ ነው «የመከላከል አቅምህን የሚያጠነክር ነገር ውሰድ» የሚለው ምክር የሚያሳስበኝ። እዚህ የጎደለው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ያለው ጉልበት ለዕጢው አድሯል።

እኛ አካባቢ ራስ ምታትና ትውከት ሲመጣ ቀድሞ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ተገቢም ነው። የደም ምርመራው ነጻ ብሎ፣ ራስ ምታቱ ጠዋት ጠዋት እየባሰ ከቀጠለ፣ ወይም እጅ ከደከመ፣ ወይም ሰውየው ድንገት ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ ግን የአንጎል ምርመራ ሳይውል ሳያድር ያስፈልጋል።

ዕጢው ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮች ያፈሳሉ፤ አንጎል ያብጣል። የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። ሐኪሞች ዴክሳሜታዞን የሚያዙት እብጠቱን ለማብረድ ነው። ብዙዎች በቀናት ውስጥ ቀለል ይላቸዋል፤ ቤተሰብም «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። ዕጢው ግን እዚያው ነው። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ በአንዴ ማቋረጥም አደገኛ ነው፤ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው።