እንሰት አደሯ እንቁራሪት ምንድን ናት?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ዓሣ ሲበላ ያመሸ ሰው ከሐይቁ ዳር የሚሰማው ጩኸት የእሷ አይደለም። እሷ የደጋ ደን ልጅ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ አፍሪክሳለስ ኢንሰቲኮላ ሲሆን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አትገኝም፤ እዚህም ቢሆን ከስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባለው እርጥብ ደን፣ ለምሳሌ በባሌ ሐረና ነው ያለችው። በ1974 እ.ኤ.አ. የተሰጣት «ኢንሰቲኮላ» የሚለው ስም እንሰት ላይ የምትኖር ማለት ነው።

የእንሰት ቅጠል ግንዱን አቅፎ የሚወጣበት ስርጉድ የዝናብ ውሃ ያቁራል፤ ፀሐይም አያገኘውም። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በስስ ቆዳዋ ስለሆነ ቀኑን እንዲህ ያለ ቦታ ማሳለፍ ይመቻታል።

ስሟ ግን ያሳስታል። ጓሮው በእንሰት ቢሞላም ኩሬ ከሌለ መራባት አትችልም። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች በአብዛኛው እንቁላላቸውን ውሃ ላይ ባዘነበለ ቅጠል ላይ ይጥሉና ቅጠሉን አጥፈው ጠርዙን ከሰውነታቸው በሚወጣ ሙጫ ይለጥፉታል። ዳቦ በኮባ እንደመጠቅለል በሉት፤ ጥቅሉ እንቁላሉን ከመድረቅ ይጠብቀዋል። ጭራ ያለው እጭ ሲፈለፈል ውሃው ውስጥ ይገባል፤ እግር አውጥቶ እስኪወጣም እዚያው ያድጋል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ኩሬ ነው። ለእርሻ ብለው ሲያጠነፍፉት፣ ከብት ዳሩን ሲረግጠው ወይም ሣሩ ሲታጨድ የሚታጠፍ ቅጠል አይኖርም። ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ሲቆረጥ ደግሞ ውሃው እጩ እግር ሳያወጣ ይደርቃል። በእኔ ግምት ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል፤ ኩሬው ያለ ይመስላል፣ ግን የሚያሳድገው ልጅ የለም።

ፍለጋው በክረምት፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ በምሽት በባትሪ ነው። ርዝመቷ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይኗን እዩ፦ ብሌኗ እንደ ድመት ቁም ስንጥቅ ነው። ሌፕቶፔሊስ የሚባሉት የዛፍ እንቁራሪቶችም እንዲሁ ናቸው፤ እነሱ ግን በአካል ይበልጧታል። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት በተቀባ እጅ አትንኳት፤ ቆዳዋ ኬሚካሉን ይመጠዋል።

ቡትስም ነገር አለው። ኪትሪድ የሚባለው ፈንገስ የእንቁራሪትን ቆዳ እያወፈረ ጨው መምጠጥ ይከለክላል፤ መጨረሻው ልብ ማቆም ነው። በእርጥብ ጭቃ ከደን ደን ይሻገራል፣ ድርቀት ግን ይገድለዋል። ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፣ ቡትሱም ፀሐይ ላይ ውሎ ውስጡ ጭምር ይድረቅ።