ፊት ሲጣመም የነርቭ ነው ወይስ ስትሮክ?

ድሬ ላይ ሰው ጠዋት ፊቱ ተጣሞ ሲነሳ «ቬንትሌተር መትቶት ነው» ይባላል። ቬንትሌተሩን ተዉት።

ሐኪም «ቤልስ ፓልሲ» ካለ፣ የፊት ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነርቭ ታሟል ማለት ነው። ይህ ነርቭ በጆሮ አጥንት ውስጥ ባለ ጠባብ ቦይ ያልፋል። ሲያብጥ ይጨመቃል። ስትሮክ ግን የአንጎል ደም ስር ችግር ነው።

ለምሳሌ እናታችሁን «ቅንድብዎን ያንሱ» በሏቸው። በታመመው በኩል ግንባራቸው ካልተሸበሸበ፣ ዓይናቸውም ካልተከደነ፣ ብዙውን ጊዜ የነርቩ ነው። ግንባራቸው እየሠራ አፋቸው ብቻ ከተጣመመ፣ ወይም እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በሩጫ ሆስፒታል! የሚለየው ሐኪም ስለሆነ በሁለቱም ቢሆን እቤት አትቆዩ፤ የነርቩም መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይሻላል።

አብዛኛው ሰው ይድናል። ጊዜው ግን ከሳምንታት እስከ ወራት ይለያያል።