«ደረጃ 3» ሲባል የትኛው ደረጃ?

የጡት ካንሰር ምርመራ ውጤት የያዘ ወረቀት ላይ «ግሬድ 3» የሚል ያነበበ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ይደናገጣል፤ በሽታው ተሰራጭቶ አንድ እርምጃ ብቻ የቀረው ይመስለዋል። ጥፋቱ የቋንቋችን ነው። «ግሬድ»ንም «ስቴጅ»ንም «ደረጃ» ብለን ተርጉመን ሁለቱን አደባልቀናቸዋል።

ግሬድ የሴሎቹ መልክ ነው። የፓቶሎጂ ባለሙያው ከእብጠቱ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ ሴሎቹ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቁ ይመዝናል። በጡት ካንሰር ከ1 እስከ 3 ይሰጣል፤ 3 ማለት በፍጥነት የመራባት ጠባይ አለው ማለት ነው። አራተኛ የለውም።

ስቴጅ ግን ካንሰሩ የት እንደደረሰ ይናገራል፤ ከ1 እስከ 4 ይሄዳል። «ቲ2 ኤን1 ኤም0» የሚሉት ምልክቶችም የእሱ ናቸው፦ ቲ የእብጠቱ መጠን (2 ሲሆን ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር)፣ ኤን በአቅራቢያ ያሉ ንፍፊቶች፣ ኤም ደግሞ እንደ ጉበትና አጥንት ወዳሉ ሩቅ አካላት መዛመት። ዜሮ ሲሆን አልተዛመተም።

ስለዚህ ከ2 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ ንፍፊት ያልነካ እብጠት ግሬዱ 3 ሆኖ ስቴጁ 1 ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ «ደረጃ» ካለ ያለ ሃፍረት ይጠይቁ፦ የሴሉ ነው ወይስ የስርጭቱ?