ስለ ሚዙሪ የወይን ጠጅ ቀረጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት በሚሸጥ እያንዳንዱ ጋሎን ወይን ጠጅ ላይ 42 ሳንቲም ቀረጥ አለ። ከዚህ ውስጥ 12 ሳንቲሙ የግዛቲቱን የወይን ኢንዱስትሪ ለማሳደግ ይውላል። ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር የሚሰነዘሩት አስተያየቶች ብዙዎቹ ከሒሳቡም ከሕጉም የራቁ ናቸው።

«ጠጪው ተበዘበዘ።»

አንድ ጋሎን አምስት ጠርሙስ ይሞላል። 12 ሳንቲም ለአምስት ሲካፈል ለጠርሙስ ሁለት ሳንቲም ተኩል እንኳን አይደርስም። ለአስተናጋጅ የምንተወው ጉርሻ የዚህን ስንት እጥፍ ነው!

«ሚዙሪ ደግሞ የምን ወይን አላት?»

ይህን የሚል ሰው ሄርማን የምትባለውን ከተማ አያውቃትም። በሚዙሪ ወንዝ ዳር የሰፈሩ ጀርመናውያን ወይን ያለሙት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፊሎክሴራ የተባለች ደቃቅ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ ስትፈጀው፣ መድኃኒቱ የአውሮፓን ወይን ተባይዋን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ሆነ፤ ሥሩን ከላኩት መካከል ሚዙሪ ትገኝበታለች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1920 የአልኮል እገዳው መጣ። በሄርማን የስቶን ሂል ጠማቂዎች የወይን በርሜል ይደረደርበት የነበረው ከመሬት በታች ያለ ጓዳ እንጉዳይ ማብቀያ ሆነ። ወይን ጠጅ እንደገና የገባበት በ1965 ነው። በ1980 ደግሞ የሚዙሪዋ ኦገስታ ከዝነኛዋ የካሊፎርኒያ ወይን አምራች ናፓ ቀድማ በፌዴራል መንግሥት የመጀመሪያዋ የወይን አምራች አካባቢ ተብላ ታወቀች። ስለዚህ ቀረጡ የሚረዳው በሕግ የተገደለን ሙያ ነው እንጂ አዲስ ምኞትን አይደለም።

«ጠማቂዎቹ የከፈሉት የራሳቸው ገንዘብ ነው የሚመለስላቸው።»

አይደለም። ቀረጡ ከካሊፎርኒያም ሆነ ከፈረንሳይ የመጣውን ጨምሮ በግዛቲቱ በሚሸጠው ወይን ጠጅ ሁሉ ላይ ነው።

«ታዲያ የአገሬውን ጠማቂ ከቀረጥ ነጻ ማድረግ አይቀልም ነበር?»

ሃዋይ ሞክራው ነበር። ከተክል ሥር የሚወጣውን ኦኮሌሃኦ የተባለውን አረቄዋንና የአናናስ ወይን ጠጇን ከቀረጥ ነጻ አደረገች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 የሌሎችን ግዛቶች ምርት የሚያገል ነው ብሎ ሻረው። ማሳቹሴትስም ከየትም በሚመጣ ወተት ላይ ክፍያ ጥላ ገንዘቡን ለራሷ ወተት አምራቾች ስታከፋፍል በ1994 ተረታች።

«ገንዘቡ ጠማቂዎች ኪስ ይገባል።»

እንደ ማሳቹሴትሱ ለአምራቾች አይከፋፈልም፤ የግዛቲቱ የወይን ቦርድ ገንዘቡን የሚያውለው ለማስተዋወቅና ለምርምር ነው። መንግሥት ለመጠጥ ማስታወቂያ መክፈሉ ለእኔም አይዋጥልኝም፤ ይህ ነቀፋ ስሕተት ነው አልልም። ምርምሩ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚዙሪ በጋ እርጥበትና ሻጋታ ይዞ ይመጣል፣ የክረምቱ ብርድ የአውሮፓን የወይን ግንድ ያደርቃል። በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ተመራማሪዎች የትኛው ዝርያ ይህን ችሎ ጥሩ ወይን ጠጅ እንደሚሰጥ የሚያጠኑት በዚሁ ገንዘብ ነው። እስካሁን ብርዱንም ሻጋታውንም ችሎ የግዛቲቱ መለያ ለመሆን የበቃው ጥቁሩና ፍሬው ደቃቁ ኖርተን የተባለው ዝርያ ነው።