«አፈንጋጭ ባህሪ» ምንድን ነው? የልጅ ስም አይደለም

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ራዲዮ ተከፍቶ ነበር። የቀጥታ ስልክ ውይይት ነው፤ ርዕሱ ወጣቶችና ሱስ። አንድ ደዋይ ገባና «ችግሩ አፈንጋጭ ልጆች መብዛታቸው ነው፤ እነሱን ከየትምህርት ቤቱ ለይቶ ማውጣት ነው፣ አለበለዚያ ደህናዎቹንም ያበላሹብናል» አለ። አዘጋጁ «ትክክል» ብሎ ወደሚቀጥለው ስልክ አለፈ። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ደግሞ «እውነቱን ነው» አሉ። በጣም በሸቅኩ።

የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን የወላጅ ስብሰባ ላይ እሰማዋለሁ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እሰማዋለሁ። አንድ ልጅ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ስር «አፈንጋጭ! ይበለው» ተብሎ ተጽፎ አንብቤያለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ በምክር አገልግሎት ለዓመታት ሰርቻለሁና ይሄን ነገር አንዴ በደንብ ልጻፈው።

አፈንጋጭ የሚባለው ድርጊት ነው። ሰው አይደለም። አንድ ማህበረሰብ «ይሄ ልክ ነው» ብሎ ከተስማማበት ደንብ የወጣ ድርጊት፣ በቃ። ደንቡ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጫት አንዱ ቤት እንግዳ ይስተናገድበታል፣ ሌላው ቤት ስሙ ሲነሳ ነውር ነው። ስለዚህ «አፈንጋጭ ልጅ» የሚባል የተለየ የልጅ ዘር የለም። ያፈነገጠ ልጅ ግን አለ፤ ትናንት ያፈነገጠ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሂሳብ የሚሰራ።

አማርኛችን ራሱ ይሄን ልዩነት ያውቃል። «ዋሸህ» እና «ውሸታም ነህ» አንድ አይደሉም። «ሰረቅህ» እና «ሌባ ነህ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው፣ ያልፋል። ሁለተኛው ግን ልጁ ጋ ያድራል።

እኔ ያደግኩት ገጠር ነው። ማፈንገጥ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ጥጃ ስጠብቅ ነው። አንድ ቀን አንዱ ጥጃ ከመንጋው አፈንግጦ ወደ ሰው ማሳ አቀና። ዱላዬን ይዤ ከኋላው ሮጥኩ። እኔ በሮጥኩ ቁጥር እሱ ባሰበት፤ ጤፉ መሃል ገባ። አያቴ ከወዲያ ማዶ ሆነው ጮሁ፦ «አንተ ልጅ! ከኋላው አትሩጥበት! ዙረህ ቅደመው!» ዞሬ ከፊቱ ቆምኩ። ቆም አለ፣ አየኝ፣ ተመለሰ። ማታ ከብቱ ሲቆጠር ጥጃው ከሌሎቹ ጋር ተቆጠረ። ማንም ሌላ ስም አላወጣለትም።

ይሄን ታሪክ ለመምህራን ደጋግሜ እነግራለሁ፤ የሙያዬን ግማሽ ስለሚይዝልኝ። ጥጃ መጀመሪያ ለምን ያፈነግጣል? ዝንብ ነክሶት ይሆናል። ጠምቶት ይሆናል። እናቱ ርቃበት ይሆናል። ወይም ከማዶ ያለው ሳር ለምልሞ ታይቶት ነው። ልጅም እንዲሁ ነው። ቤት ውስጥ ጠብ አለ፣ ትምህርቱ አልገባውም፣ አባት ለስራ ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ኪሱ ባዶ ነው፣ ወይም ዝም ብሎ 16 ዓመቱ ነው። መንስኤ ሲባል ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፤ «መጤ ባህል ነው»፣ «ስልክ ነው»፣ «የወላጅ ቅጣት ቀርቶ ነው» ይላል። አንድ መንስኤ የለም። የተደራረበ ነው፣ ለየልጁም ይለያያል።

ደዋዩ ያልገባው ግን የመጀመሪያው ማፈንገጥ አይደለም፣ ሁለተኛው ነው። ኤድዊን ሌመርት የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት (የማህበረሰብ ተመራማሪ) በፈረንጆቹ 1951 ይሄን በሁለት ከፍሎ አስቀምጦታል። አንደኛው ብዙ ሰው በሆነ ጊዜ የሚሰራው፣ የሚረሳው ጥፋት ነው። ሁለተኛው የሚመጣው ሰው ስም ከሰጠህ በኋላ ነው፤ ያንን ስም ተቀብለህ እንደ ስሙ መኖር ስትጀምር። ከኋላ በዱላ የሚሮጥበት ጥጃ ማለት ይሄ ነው። ማሳው ውስጥ ያስገባው ሳሩ አይደለም፣ አሯሯጩ ነው።

አንድ ልጅ ላሳያችሁ። አስረኛ ክፍል ነበር። አራተኛ ፔሬድ ላይ አጥር ዘሎ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄደ። ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ተያዘ። በማግስቱ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል፣ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ እያለ፣ ዩኒት መሪው መድረክ ላይ አወጣውና «ይሄን አፈንጋጭ እዩት» አለ። ልጁ ጫማውን እያየ ቆመ። አንድ ክሩ የተፈታ ጫማ ነበር፤ አይኑን ከሱ አላነሳም።

በሳምንቱ ሌላ ክፍል ውስጥ ስልክ ጠፋ። መጀመሪያ የተፈተሸው የማን ቦርሳ ነው? የሱ። ስልኩ ኋላ የባለቤቱ ቤት ተገኘ፤ ጠዋት ረስታው ነው የመጣችው። ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ልጁ ወንበሩን ቀይሮ መጨረሻ ረድፍ ሄደ። እዚያ እንደሱ ስማቸው የተጠራ ሌሎች ሦስት ልጆች ነበሩ። ጫት የቀመሰው ከነሱ ጋር ነው። ቢሮዬ መጥቶ ለምን ብዬ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ከታማሁ አይቀር ብዬ ነው» አለኝ። እንዲያ ሲል ድምፁ ውስጥ ንዴት እንኳ አልነበረም።

እንግዲህ ደዋዩ «ደህናዎቹን ያበላሹብናል» ያለው ነገር። «ከአህያ የዋለች ጊደር...» እያለ የሚተርትም ብዙ ነው። ተረቱ ውሸት አይደለም። ግን ጊደሯን ከአህያ ጋር ያዋላት ማነው? ከመንጋዋ ያባረራት ማነው? እሱን አንጠይቅም። አጥፊ የተባሉትን ሁሉ ለቅመን አንድ ቦታ ስናስቀምጥ፣ እርስ በርስ የሚማማሩበትን ክፍል የከፈትነው እኛ ነን። የመጨረሻው ረድፍ ያ ነው።

የጓደኛ ግፊት የሚባለውም በተሳሳተ መንገድ ነው የሚወራው። አንድ የተበላሸ ልጅ አንዱን ጨዋ ልጅ እጁን ይዞ የሚጎትተው ይመስለናል። ማርጎ ጋርድነርና ላውረንስ ስታይንበርግ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2005 ያወጡት ሙከራ አለ። ሰዎችን በሦስት የእድሜ ክልል ከፍለው የመኪና መንዳት ጌም አጫወቷቸው፤ ግማሹን ለብቻ፣ ግማሹን ጓደኞቹ እያዩት። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ጓደኛ ሲያያቸው ለብቻቸው ከሚጫወቱት እጥፍ ገደማ አደጋ ውስጥ ይገባሉ። አዋቂዎቹ ላይ ግን ጓደኛ ኖረም አልኖረም ያን ያህል ለውጥ አልመጣም። ማንም ማንንም አልጎተተም። መታየታቸው ብቻ በቃ። ይሄ የእድሜው ጠባይ ነው፣ የአንድ «አፈንጋጭ» መርዝ አይደለም። በነገራችን ላይ ጌም ጌም ነው፤ የላብራቶሪ ውጤት እንዳለ ወደ መርካቶ ወይም ወደ ባህር ዳር አይገለበጥም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም እንድል አይፈቅድልኝም። ስም መለጠፍ ሁሉንም ነገር አይገልጽም። ልጁ መጀመሪያ ለምን አጥር ዘለለ ለሚለው መልስ የለውም። ደግሞ ችግራቸው በጣም በልጅነት የሚጀምርና ካደጉም በኋላ የሚቀጥል ጥቂት ልጆች አሉ። ቴሪ ሞፊት የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1993 ይሄን በግልጽ ለይታዋለች፦ አብዛኞቹ በጉርምስና ጀምረው ሲጎለምሱ የሚተዉ ናቸው፣ ጥቂቶቹ ግን ከህፃንነት ጀምሮ የተለየ ድጋፍ የሚፈልጉ። እነዚህኞቹ ቤተሰብም፣ ባለሙያም፣ አንዳንዴ ሐኪምም ያስፈልጋቸዋል። በ15 ዓመቱ ቆሞ ያየኸው ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በአይን አይታወቅም። አስቀድሜ አውቃለሁ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አትመኑት።

ሌላም አለ። «የዚህ ሰፈር ልጆች ወንጀለኞች ናቸው» ሲባል የሚቀርበው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተያዙት ቁጥር ነው። የተያዘ እና ያጠፋ አንድ አይደለም። ፖሊስ በብዛት የቆመበት ሰፈር ብዙ ይያዛል። ግቢው ሰፊ አጥሩ ረጅም የሆነ ቤት ውስጥ የሚያጠፋ ልጅን ማን ይቆጥረዋል?

«ታዲያ ዝም ብለን እንያቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ደዋዩም እንዲህ ነው የሚለኝ። አይ! ጥጃው ማሳ ውስጥ ሲገባ ተቀምጦ የሚያይ እረኛ የለም። ያጠፋ ልጅ ይጠየቃል። የሰበረውን ይጠግናል፣ የወሰደውን ይመልሳል፣ ያስቀየመውን ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ የምለው ጥፋቱን ቅጡ፣ ስሙን አትንኩ ነው። የወንጀል ህጋችን እንኳ ይሄን ያውቃል። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ላለው ደግሞ ህጉ ከአዋቂ ቅጣት የተለየ እርምጃ ነው ያስቀመጠው፤ ዓላማውም ማስተማርና ማረም ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በእኛው አቆጣጠር በ1996 «የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ» የሚባል አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። አዋጁ ውስጥ የተዘረዘሩት ድርጊቶች ናቸው፤ ሰፈር የደረሰው ግን ስሙ ብቻ ነው። ያኔ ስራ አጥቶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ «አደገኛ ቦዘኔ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ማስፈራራትም አይሰራም። «ማረሚያ ቤት ወስደን እናሳያቸው፣ ይደነግጣሉ» የሚል ሀሳብ በየስብሰባው ይነሳል። አሜሪካ ውስጥ በኒው ጀርዚ ራህዌይ እስር ቤት በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ይሄ ተጀምሮ በብዙ ቦታ ተቀድቷል። ኋላ በደንብ የተሰሩ 9 ሙከራዎች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ እስር ቤት ተወስደው እንዲፈሩ የተደረጉት ልጆች ካልተወሰዱት ይልቅ የበለጠ አጥፍተው ተገኙ። ይሄ ከኋላ መሮጥ ነው።

ዞሮ መቅደምስ ምን ይመስላል? አይስላንድ በፈረንጆቹ 1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቿ መካከል 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው ነበር። በፈረንጆቹ 2016 ይሄ ቁጥር 5 በመቶ ሆነ። መጥፎ ልጆችን አሳደው አይደለም። የስፖርትና የሙዚቃ ቦታ ከፈቱ፣ ወጪውን ደገፉ፣ ወላጆች ተነጋግረው ልጆቻቸው ማታ ስንት ሰዓት መግባት እንዳለባቸው ተስማሙ፣ ሻጩም ላይ ህግ ጠበቀ። አይስላንድ ትንሽ፣ ሀብታም አገር ናት፤ እሱን ገልብጦ እዚህ ማምጣት አይቻልም። ግን የልጁን ባዶ ሰዓት ማየት ይቻላል። እኛ ጋ በፈረቃ የሚማር ልጅ ጠዋት ተምሮ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ወላጅ እስከ ማታ ስራ ነው። በሩ ላይ የሚጠብቀው ሺሻ ቤትና ፑል ቤት ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ከልክሏል፤ የሚጠየቀው ሻጩ ነው። እኛ ግን ሻጩን ትተን ልጁን ሰልፍ ላይ እናወጣዋለን።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊዋን ለመንኳትና የድምፅ ማጉያውን ገመድ እንዲዘረጋና እንዲጠቀልል ኃላፊነት ተሰጠው። ቁልፉም እሱ ጋ ሆነ። ተአምር አልተፈጠረም። ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ አጥር ዘሏል፤ ግን የእረፍት ሰዓት ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት ሮጦ ተመልሶ ገመዱን ዘረጋ። ጫቱን ለመተው ጊዜ ፈጀበት። መቀመጫውን ግን በራሱ ጊዜ ወደ መሃል ረድፍ አመጣው።

አንድ ጠዋት በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆሜያለሁ። ልጁ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። ዘበኛው «ዘላዩ መጣ» አሉ፣ እየሳቁ። ክፋት የለባቸውም፤ ያ ሰልፍ ካለፈ ጀምሮ ሁሌ እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ጋሼ፣ በስሙ ይጥሩት እንጂ» አልኳቸው። ቆብህን አውልቅ የተባሉ ያህል ቆባቸውን አንስተው ግንባራቸውን አሻሹ። ልጁ እኮ በዚያ በር መግባት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር።

«ማነው ስሙ፣ መምህር?» አሉኝ።