የብድር ደረጃ ምንድን ነው? አውጪዎቹስ ይታመናሉ?

አጎቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል ይነግዳል። አንድ ቀን አንድ ደላላ የማያውቀውን ገዢ ይዞለት መጣ። ሰውየው ሃያ ኩንታል ጤፍ በዱቤ ይፈልጋል። "አውቀዋለሁ፣ ወርቅ ልጅ ነው፣ ብርህን አይበላም" አለ ደላላው። አጎቴም "እንግዲያው ዋስ ትሆነዋለህ?" አለው። ደላላው ሳቀ። "የማውቀውን ነገርኩህ እንጂ ዋስ ልሆን አልመጣሁም!"

የብድር ደረጃ (ክሬዲት ሬቲንግ) የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። አገር ወይም ኩባንያ ቦንድ ሸጦ ሲበደር፣ "ይሄ ተበዳሪ ይከፍላል?" የሚለውን መርምሮ በፊደል የሚናገር ድርጅት አለ። ገበያውን የያዙት ሦስት ናቸው፦ ሙዲስ፣ ኤስ ኤንድ ፒ እና ፊች። ሥራውን አሜሪካዊው ጆን ሙዲ በ1909 የጀመረው በባቡር ኩባንያዎች ቦንድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በኤስ ኤንድ ፒ አጠራር ላይኛው ደረጃ ኤኤኤ ነው፣ ታችኛው ዲ። መሃል ላይ ቢቢቢ ማይነስ አለ። ከሱ በታች ያለው "ጃንክ" ይባላል፤ ብዙ የጡረታ ፈንዶች እንዳይገዙት መመሪያቸው ይከለክላቸዋል። ስለዚህ ፊደል ሲወርድ ወለድ ይወጣል።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃ ያገኘችው በ2014 ነው። ሙዲስ ቢ1፣ ሌሎቹ ቢ ሰጧት። ሁሉም ከቢቢቢ ማይነስ መስመር በታች ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 1 ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ ተበደረች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለደላላው የሚከፍለው ማን ነው? ድሮ ምዘናውን ገዝቶ የሚያነበው ባለሀብቱ ነበር። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን በአብዛኛው ከፋዩ ራሱ ተመዛኙ ሆኗል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይሉ የለ! የአሜሪካው የኢነርጂ ኩባንያ ኤንሮን በ2001 ለኪሳራ ጥበቃ ሲያመለክት፣ ከአራት ቀን በፊት ድረስ ከመስመሩ በላይ ነበር። የ2008ቱ ይብሳል። የአሜሪካ የቤት ብድሮች ተጠቅልለው ቦንድ ሆኑና ኤኤኤ ተለጠፈባቸው። ሙዲስ በ2006 ኤኤኤ ከሰጣቸው የቤት ብድር ቦንዶች 83 በመቶው በኋላ ደረጃቸው ወርዷል። ኤስ ኤንድ ፒ በ2015 1.375 ቢሊዮን ዶላር፣ ሙዲስ በ2017 864 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍለው በዚህ የተነሳ የቀረበባቸውን ክስ ጨረሱ። መከላከያቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ደረጃ አስተያየት ነው፣ ዋስትና አይደለም። ያው የቅዳሜ ገበያው ሳቅ።

ታዲያ ባለሀብቱ ለምን አይተዋቸውም? አንደኛ፣ የየአገሩን ሂሳብ እየመረመረ የሚውልበት ጊዜ የለውም። ደግሞ የፈንዶቹ መመሪያዎች በእነዚህ ፊደሎች የተጻፉ ናቸው፤ ባያምንበትም ይጠቀምበታል። ለእውነቱ ከሆነ በአገር ላይ የሚሰጡት ደረጃ እንደ ቤት ብድሩ አላሳፈራቸውም። ዝቅ ያለ ፊደል ያላቸው በእርግጥም በብዛት ዕዳ መክፈል ያቅታቸዋል። እኔ የምጠረጥረው ስለማወቃቸው ሳይሆን ስለሚናገሩበት ሰዓት ነው።

የኛኑ እንይ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ስትቀር፣ ፊች ደረጃዋን "ከፊል ክፍያ ያቆመ" ወደሚለው አወረደ። ቦንዱ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ገበያ ላይ ከተጻፈበት ዋጋ እጅግ ባነሰ ይሸጥ ነበር። ጠንቃቃ ባለሀብት ፊደሉንም ያያል፣ የቦንዱን የዕለት ዋጋም ያያል።

አጎቴስ? ደላላውን አላባረረውም፤ ሻይ ጋበዘው። ከዚያ ገዢው መጋዘን በር ላይ እህል የሚያወርዱትን ወዛደሮች ሄዶ ጠየቀ፦ "የጉልበታችሁን በሰዓቱ ይከፍላችኋል?"